የእናትሽ ስም ማን ነው?

ደብረ ታቦር ውስጥ ኢሜይል የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ነው። «የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ ያንጠለጠለች ጠባብ ቤት ውስጥ ሥራ ፈላጊዋ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ጸሐፊው ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ እያሯሯጠ ይጠይቃታል። ስም? ትነግረዋለች። የአባት ስም? ትነግረዋለች። የልደት ቀን? እሱ ትንሽ ያከራክራል። ከዚያ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን፣ አሜሪካ ተቀምጦ የማያውቃት ሰው ያሰናዳላት ጥያቄ ትመጣ ነበር፦ የእናትሽ ስም ማን ነው? ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ጆሯቸውን ያቀኑ ነበር።

ይህች ጥያቄ የአካውንቱ የመጨረሻ ምሽግ ትሆናለች ተብላ ነበር። ፓስወርዱ የጠፋበት ሰው በሌላ ነገር ማንነቱን አስመስክሮ መግባት አለበትና። አሜሪካ ውስጥ ሴት ስታገባ ብዙውን ጊዜ የባሏን ቤተሰብ ስም ስለምትይዝ፣ ከጋብቻ በፊት ትጠራበት የነበረውን ስም ከቅርብ ዘመድ በቀር የሚያውቀው የለም ተብሎ ይታመን ነበር። ባንኮቹም ኢንተርኔት ሳይታሰብ ጀምሮ ደንበኛን የሚፈትኑት በዚሁ ስም ነበር። ደቡብ ጎንደር ላይ ግን ሴት አገባች ፈታች ስሟ ያው የራሷና የአባቷ ነው። የጎረቤትን እናት ስም ለማወቅ አንድ ቡና እስከ በረካ መቀመጥ ይበቃል፤ ልቅሶ ቤት ከሆነማ አያትየውም አይቀሩ።

ይልቅ የሚያስገርመው ስምን ከክፉ ሰው የመሸሸግ ጥበብ ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። ኮከብ የሚቆጥር ደብተራ ዘንድ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የራሱንና የእናቱን ስም ነው። የሁለቱ ስሞች ፊደላት በቁጥር ተተምነው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፍና ከቀሪው ኮከቡ ይወጣል። ክታብ የሚጻፈውም በክርስትና ስም ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ እናት ልጇን «የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳታወጣ» ብላ ታሳድጋለች፤ ስሙ መተተኛ እጅ ከገባ ያለቀለት ነዋ። የኢንተርኔት ድርጅቶች አንድ ቁልፍ አይበቃም፣ ሁለት ይሁን ብለው የተስማሙት ገና አሁን በቅርቡ ነው። ደብተራው ግን ኮከብ ሲቆጥር በአንድ ስም ብቻ ሠርቶ አያውቅም። ታዲያ አንድ የፋርጣ ሽማግሌ በልጃቸው ስልክ አካውንት ሲከፈትላቸው የእናታቸውን ስም ቢጠየቁና «ምን ሊያደርግባት ነው?» ብለው ዝም ቢሉ፣ ከድርጅቱ መሐንዲሶች ይልቅ ነገሩ የገባቸው እሳቸው ናቸው።

መሐንዲሶቹ ነገሩ እንዲገባቸው አንድ ውርደት አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን ይወዳደሩ የነበሩት ሳራ ፔሊን የያሁ ኢሜይላቸው ተሰበረ። ሰባሪው የሃያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ረቂቅ ፕሮግራም አላስፈለገውም። የልደት ቀናቸውን ከኢንተርኔት፣ የመኖሪያ ከተማቸውን የፖስታ ቁጥር ከኢንተርኔት አገኘ። ከባለቤትሽ ጋር የት ተዋወቃችሁ የሚለውንም ገመተ፤ የዋሲላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የጥንት የእስቴ ሙሽራ ብትሆን መልሷ «በሠርጋችን ቀን» ስለሚሆን እሷን ለመስበር ግምትም ባላስፈለገ።

ሌሎቹም ጥያቄዎች ከእነዚህ አይሻሉም ነበር። «የመጀመሪያው የቤት እንስሳህ ስም ማን ነበር?» ትላለች አንዷ። ገጠር ውስጥ ለውሻ ስም ሲወጣ አንዳንዴ ለጎረቤት ነገር መወርወሪያ እንዲሆን ታስቦ ነው፤ ጌታው ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ አጥር ማዶ እስኪሰማ ድረስ ይጠራዋል። ከዚህ ስም በላይ ለሕዝብ የወጣ ስም የለም። «የምትወደው ምግብ ምንድን ነው?» ትላለች ሌላዋ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚች ጥያቄ የሰጡትን መልስ አንድ ጊዜ ብቻ የገመተ ሰው ከመቶ 19.7 የመሳካት ዕድል ነበረው፤ ፒዛ ማለት ብቻ ነው። በዚያው ጥናት ከአሜሪካውያኑ ተጠቃሚዎች 40 በመቶው የራሳቸውን መልስ ሊያስታውሱ አልቻሉም። ሌባው የሚያውቀውን ባለቤቱ የሚረሳው ምሽግ ነው እንግዲህ የተሠራው። ይኸው ጥናት አማርኛ ተናጋሪዎችን ቢጠይቅ ኖሮ በጾም ቀን ሽሮ፣ በፍስክ ቀን ዶሮ ብሎ የገመተ ሰው ምን ያህል እንደሚያገኝ ለአንባቢ መተው ይሻላል።

የልደት ቀኑ ክርክር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ድርጅቶቹ የሚያውቁት አንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ሲቸኩል በ1995 ዓ.ም. የተወለደችውን ልጅ 1995 ብሎ ይጽፍና በአንድ ጠቅታ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃታል። ቀኑን የማታውቅ ከሆነችም ችግር የለም፤ የፈረንጆቹ ጥር 1 ሁልጊዜ ክፍት ነው። በዚህ የተነሣ ፈረንጅ አዲስ ዓመቱን ሲያከብር የኢትዮጵያዊ ፌስቡክ በልደት ማሳሰቢያ ይጥለቀለቃል፤ የሰፈሩ ግማሽ በአንድ ሌሊት የተወለደ ይመስላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓስወርዱ ሲጠፋና ማሽኑ «መቼ ተወለድሽ?» ሲል ልጅቷ እውነተኛውን ቀን ትነግረዋለች። አይሆንም፣ ይላታል። እውነት ተናግራ የምትወድቅበት ብቸኛ ፈተና ይኸ ነው።

ፌስቡክ ከጥያቄ ወደ ፎቶ የዞረው እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ነው። አሳቡ ብልህ ነበር፦ ሌባ ፓስወርድ ሊሰርቅ ይችላል፣ የጓደኞችህን መልክ ግን አያውቅም። ስለዚህ አካውንቱን የተጠራጠሩ እንደሆነ የጓደኞችህን ፎቶ እያወጡ «ይህ ማን ነው?» ይሉህ ነበር። ሁለት ሦስቱን ስትሳሳት በሩ ይዘጋ ነበር።

ይህን ያሰበው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሐበሻን ፌስቡክ አገላብጦ ቢሆን ኖሮ እጁን ይሰበስብ ነበር። መጀመሪያ ነገር ሰው የራሱን መልክ አይለጥፍም። ሹሩባቸውን የተሠሩት አጼ ቴዎድሮስ አሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ አለ፤ የአርሰናል አርማ፣ ሜሲ፣ ቀይ ጽጌረዳ፣ የሕንድ ፊልም ተዋናይት አለች። ቴዎድሮስን ያነገሠ አገር ላይማ፣ በተለይ ዋና ከተማቸው በነበረችው በደብረ ታቦር ልጆች ዘንድ፣ ንጉሡ በአንድ ሰው ጓደኞች መካከል ደርዘን ጊዜ ሊደገሙ ይችላሉ። ማሽኑ የንጉሡን ሥዕል ያወጣና ከበታቹ ስድስት ስም ደርድሮ «ከእነዚህ ማን ነው?» ይል ነበር። ከስድስቱ ውስጥ ቴዎድሮስ የሚባል ቢኖር ደግሞ እሱ አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ የበዓል ካርዱ ነው። አንድ ሰው የሙልሙል ሥዕል ያለበት «እንኳን ለቡሄ በዓል በሰላም አደረሳችሁ» የሚል ካርድ ይለጥፍና ማንም ቅር እንዳይለው የሃምሳ ወዳጆቹን ስም ታግ ያደርግበታል። ለፌስቡክ ስም የተጻፈበት ፎቶ የዚያ ሰው ፎቶ ነው። ስለዚህ ከመንፈቅ በኋላ አካውንቱ የተቆለፈበት መምህር ፊት ሙልሙል ይቀርብለት ነበር፦ ይህ ማን ነው? የውጭ አገር ሰዎችም የውሻና የመኪና ሥዕል እየወጣብን ተቸገርን ብለው ያማርሩ ነበር፤ ዳቦ ለይቶ በስሙ መጥራት ግን እዚህ ይብሳል።

ማሽኑ ሰው መሆንህን ሲጠራጠርም ፈተናው ከዚያው ከአሜሪካ መንገድ ላይ የተለቀመ ነው። የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ፤ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ምረጥ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ የሚሰኩባትን ያችን ቀይ አጭር የውሃ መቅጃ ምረጥ። በሕይወቱ አንዷንም ቆሞ ያላያት የንፋስ መውጫ ልጅ የእንግዳ አገር ቧንቧ እያጠና ሰውነቱን ያረጋግጣል። ባጃጅ ያለበትን ምረጥ ቢባል ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይለቅመው ነበር።

ከዚያ ማስጠንቀቂያው ይመጣል። «ወደ አካውንትህ አዲስ ሰው ገብቷል፤ ቦታ፦ አዲስ አበባ፤ ሰዓት፦ 3፡10 ጠዋት።» መልእክቱ የደረሰው ደብረ ታቦር ያለ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ይደነግጣል። አዲስ አበባ የረገጠው ለአጎቱ ልጅ ሠርግ ነው፣ እሱም ቆይቷል። ሌባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው። ድርጅቶቹ ቦታ የሚገምቱት ስልኩ በገባበት የኢንተርኔት አድራሻ ነው፤ የኢትዮጵያ አድራሻዎች ደግሞ አብዛኞቹ በእነሱ መዝገብ አዲስ አበባ ተብለው ነው የሰፈሩት። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ በሚረዝመው በጉና ተራራ ሥር ድንች የሚኮተኩት ሰው ጂሜይሉን ሲከፍት በጎግል ዓይን ፒያሳ ላይ ቆሟል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «3፡10 ጠዋት» ሲል ማሽኑ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ማለቱ ነው፤ ሠራተኛው ግን በሐበሻ ሰዓት አንብቦ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይማ ቢሮ ነበርኩ፣ እኔው ነኝ» ብሎ ያልፈዋል። ትክክለኛው ሌባ የመጣ ዕለትም የሚያልፈው በዚሁ ሒሳብ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ነገሩ ከዚህም ባሰ። ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ሲገደቡ ሕዝቡ ቪፒኤን ተማረ። ቪፒኤን ደግሞ ዓለም አስጎብኚ ነው። የወረታ ሩዝ ነጋዴ ከቁርስ በፊት ኔዘርላንድ፣ ከቀትር በኋላ ጀርመን፣ ማታ ሲንጋፖር ሆኖ መልእክት ይከፍታል። የደህንነት ማሽኖቹ ይህን ሲያዩ አበዱ፤ እንዲህ የሚሮጥ ሰው ሌባ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አካውንት ይቆለፋል፣ ኮድ ይላካል፣ እንደገና ይቆለፋል። እገዳው ሐምሌ ላይ ተነሣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ራሱ ተቋረጠ። ስልኩ በሚሠራበት ቦታ የማረጋገጫ ኮዱ በአጭር መልእክት ይደርስ ነበር፤ ኮዱን የሚጽፉበት ገጽ ግን አልነበረም። ቁልፍ እጅ ላይ፣ በር የትም።

ኮድ በስልክ መልእክት የመላኩ ፈሊጥ በጎግል ለሁሉም ሰው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ነው። ለኢትዮጵያ በጊዜው የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ከምርጫ 97 በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከአገሪቱ ጠፍቶ የተመለሰው ለሚሊኒየሙ፣ በመስከረም 2000 ዓ.ም. ነበርና፣ ጎግል ጥቂት ዓመት ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ኮዱ ምን ላይ ሊያርፍ እንደነበር አይታወቅም።

መሐንዲሶቹ «ስልክህ» ሲሉ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ሲም ካርድ አድርገው ነው። እዚህ ሲሙ የወጣው በወንድምየው ስም ነው፤ ስልኩን ቀን እናትየው ይይዙታል፤ ኢሜይሉ የልጅቷ ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ሆና ለመግባት ስትሞክር ኮዱ ቤት ይደርሳል። ትደውላለች። «እማዬ፣ አሁን የመጣውን ቁጥር አንብቢልኝ» ስትል እናት «ቆይ መነጽሬን» ይላሉ፤ የጎረቤት ልጅ ይጠራል፤ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል። ምሥጢሩ በሦስት ቤት ተሰምቶ እስኪደርስ ጊዜው አልፎበታልና ሌላ ኮድ ይታዘዛል።

ሌቦቹ ይህን ጠባይ ከድርጅቶቹ ቀድመው አጥንተውታል። በቴሌግራም የሚመጣው ተንኮል የታወቀ ነው፦ አካውንቱ አስቀድሞ የተጠለፈ ወዳጅህ «በስህተት በአንተ ቁጥር ኮድ አስልኬ ነው፣ ቶሎ ላክልኝ» ይልሃል፤ ወይም «የእኅቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ድምፅ ስጣት» ይላል። ኮዱ የመጣበት መልእክት ራሱ «ለማንም አትስጥ» ይላል፣ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ። ግን አብሮ አደግ ለምኖ እንዴት እምቢ ይባላል? ይሉኝታ ፓስወርድ ይፈታል። ከአፍታ በኋላ በአንተ ስም ለመላው ዘመድ «ቸግሮኝ ነው፣ በቴሌብር ትንሽ ብር» የሚል መልእክት ይበተናል፤ ዘመዱም ደግ ነው፣ ይልካል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ ፓስወርድ ማስገባት ፈቅዷል። ከዚህች ጽሑፍ አንድ ጥቅም ማግኘት የሚፈልግ አንባቢ እሷን ይክፈታት፤ ወንድም ቢለምን እንኳ ያልተላከ ፓስወርድ አይጠየቅም።

ነገሩ ሁልጊዜ የሚያስቅ አልነበረም። ካናዳ የሚገኘው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎች ሥዕል ለማጥመጃ የተደረገበት የስለላ ፕሮግራም አግኝቶ ይፋ አድርጓል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን 9 ጸሐፊዎችና ጋዜጠኞች ላይ በቀረበው ክስ ደግሞ የኢንተርኔት ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶ ነበር። ኢሜይልን መቆለፍ መማር በወንጀል ክስ ውስጥ ሊጻፍ የቻለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ግማሾቹ ክሳቸው ተቋርጦ፣ ግማሾቹ ከሽብር ክሱ ነፃ ተብለው ወጡ።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንመለስ፤ የአካውንቱ እውነተኛ ጌታ እዚያ ነውና። የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ በተከፈተ ቁጥር ቤቱ ይሞላል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ መሞላት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኢሜይል ይጠይቃል፣ ሲያልቅም የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጣል፤ ዕጣው መውጣት አለመውጣቱ የሚታየው በዚያ ቁጥር ነው። ከሲማዳ የመጣ ጎረምሳ ኢሜይል ከየት ያመጣል? ጸሐፊው ያወጣለታል። ፓስወርዱ የጎረምሳው ስልክ ቁጥር ነው፤ አለበለዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት። ከዚያ ኢሜይሉ፣ ፓስወርዱና የማረጋገጫ ቁጥሩ ሽፋኑ በተቀደደ ደብተር ላይ ይሰፍራል። የሲሊከን ቫሊ የመረጃ ቋት በሽቦ አጥርና በካሜራ ይጠበቃል፤ ይህች ደብተር ከሻይ ብርጭቆ ሥር ናት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 ሌቦች የያሁን ሦስት ቢሊዮን አካውንቶች፣ ማለትም አንድ ሳይቀር ሁሉንም፣ መዘበሩ፤ ያሁ ሙሉ ቁጥሩን ያመነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ደብተሯን ለመዝረፍ ግን ሰው በአካል ደብረ ታቦር መምጣት አለበት፤ ደጋውን ወጥቶ፣ ብርዱን ችሎ።

ፓስወርድ በየሦስት ወሩ ቀይር፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅል የሚለው ትእዛዝም ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ቢል በር የተባሉ የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2003 የጻፉት መመሪያ ነው። ሰውዬው ጡረታ ከወጡ በኋላ በ2017 ለጋዜጣ ቃላቸውን ሲሰጡ አብዛኛው እንዳጸጸታቸው ተናገሩ። ተቋሙም በዚያው ዓመት አዲስ መመሪያ አውጥቶ፣ ሳያስፈልግ በየጊዜው አታስቀይሩ፣ ረዥም ይሁን እንጂ አታወሳስቡት አለ። ይህን ዜና ያልሰሙ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም በየሦስት ወሩ ያስቀይራሉ፤ ሠራተኛውም ዛሬም መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁጥር በአንድ ከፍ እያደረገ ይኖራል።

የኢንተርኔት ድርጅቶቹ አንድ እጃቸው እንዲህ ሲቆልፍ ሌላው እጃቸው ሲከፍት ነው የኖሩት። ጎግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በዝ የሚባል ማኅበራዊ መገናኛ ጂሜይል ውስጥ ከተተ። ማንንም ሳይጠይቅ ከማን ጋር አዘውትረህ እንደምትጻጻፍ አይቶ እነሱን ወዳጅ አድርጎ አሰለፈልህ፤ ዝርዝሩንም ለሰው እንዲታይ አደረገው። ከሐኪሙ ጋር የሚጻጻፍ፣ ከተለያት ሚስቱ ጋር የሚጻጻፍ፣ ለጋዜጠኛ ምሥጢር የሚያቀብል ሁሉ አደባባይ ወጣ። ጩኸቱ በቀናት ውስጥ አስተካከለው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። አገልግሎቱ ሞተ እንጂ ጠባዩ ለሌሎቹ ተርፏል። ፌስቡክ «ልታውቃቸው የምትችል ሰዎች» እያለ ብድር ያልከፈልከውን ባለ ሱቅ ያመጣልሃል። ቴሌግራም ይባስ ብሎ ስልክህ ላይ ቁጥሩ ያለ ሰው በገባ ቁጥር «እገሌ ቴሌግራም ተቀላቀለ» ብሎ ያውጃል። ሥራ ላይ ያልዋለ ቁጥር ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አርባቸው ወጥቶ፣ ተዝካራቸው ተበልቶ፣ ልጆቻቸው ቁጥራቸውን ለመሰረዝ አንጀታቸው ያልቻለው አባት አንድ ማለዳ «አባዬ ቴሌግራም ተቀላቀለ» ተብለው ይመጣሉ። ፎቶውን ሲከፍቱት አርሰናል ማሊያ የለበሰ ልጅ ነው።

ስለ መልእክት ከተነሣ ደብረ ታቦር የቆየ ቂም አላት። አጼ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተማቸውን አትመው በቆንስል ካሜሮን በኩል ላኩ። ለንደን ደረሰ፤ የእንግሊዝ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተኛ። ንጉሡ ጠበቁ። ዓመት አለፈ፣ መልስ የለም፤ በታኅሣሥ 1856 ቆንስሉን አሰሩ። መልሱ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ እሳቸው ዘንድ የደረሰው በጥር 1858 ነው፤ ከሦስት ዓመት በላይ አልፎ። ከዚያ በኋላ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ተቀለጠ፣ ደብረ ታቦር ተቃጠለች፣ መድፉ ወደ መቅደላ ተጎተተ፤ ቀሪውን ሁሉም ያውቀዋል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 መልእክት ሲነበብ ሰማያዊ የሚሆኑትን ሁለት ጭረቶች ሲያወጣ፣ አይቶ ዝም ያለ ሰው መጋለጡ ብዙ ባልና ሚስት አጣላ፤ ድርጅቱም ወዲያው ማጥፊያ ጨመረበት። ለንጉሡ ጭረቶቹ ቢኖሩ ኖሮ ይበጅ ይብስ እንደነበር አከራካሪ ነው። ቁጣቸውን ለሚያውቅ ግን ማጥፊያዋ ትሻል ነበር።

ሰማያዊ ምልክት ሌላም አለ፤ ባለ ስሙ ራሱ ነው የምትለው። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2009 ጀመራት፤ በኅዳር 2022 በወር በ8 ዶላር መሸጥ ሲጀምር በሁለት ቀን ውስጥ አንድ አስመሳይ የመድኃኒት ፋብሪካውን የኢሊ ሊሊን ስም ይዞ «ኢንሱሊን በነፃ ነው» ብሎ አወጀ፤ ፋብሪካው ይቅርታ እየጠየቀ አስተባበለ። ሜታም በቀጣዩ ዓመት ምልክቱን በክፍያ አደረገው። ጋይንት ያሉ መምህራን ይህን ቢሰሙ ይስቁ ይሆናል። የድጓ ሊቅ ነኝ የሚል ሰው እዚያው ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ፣ የዝማሬ መዋሥዕት ሊቅ ነኝ የሚል ዙር አባ ሄዶ ካላስመሰከረ፣ ምንም ቢጮህ «የት አስመሰከርክ?» ይባላል። ለዚያ ምስክርነት የሚከፈለው ዓመታት ነው፤ ቁራሽ እየለመኑ፣ ውሻ እየተከላከሉ። በካርድ አይከፈልም፣ በወሩ መጨረሻም አይቋረጥም።

የድርጅቶቹ የመጨረሻ ፈጠራ ፓስወርድን ጨርሶ መሻር ነው። አፕል፣ ጎግልና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በአንድ ላይ ተስማምተው ፓስኪ የሚሉትን አመጡ፤ ጎግል በዓመቱ ለሁሉም ከፈተው። ምሥጢሩ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ በጣት አሻራው ወይም በመልኩ ይከፍተዋል፤ የሚረሳ፣ የሚሰረቅ፣ በስልክ የሚነበብ ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ካመጡት ሁሉ ይኸ ይሻላል፤ «ኮዱን ላክልኝ» የሚለውን ለማኝ ባዶ እጁን ይመልሰዋልና። ሆኖም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከዚያ በፊት በጣቷ ትፈርም የነበረች ገበሬ ስሟን መጻፍ ስትማር የነበረው ኩራት ትዝ ለሚለው ሰው ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። አገር ተነሥቶ ከአውራ ጣት ወደ ብዕር አሸጋገራት፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ብዕሩን ተዪውና አውራ ጣትሽን አምጪ አላት።

አውራ ጣቱም ያስቸግራል። ዘመኑን ሙሉ ሞፈር የጨበጠ፣ ገብስ ያጨደ፣ ድንች የቆፈረ እጅ ላይ መስመሮቹ አልቀዋል። ፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገብ ዓሥሩን ጣት ከዓይን ብሌን ጋር ስለሚወስድ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይተካል፤ ስልኩ ግን «እንደገና ሞክር» ብቻ ነው የሚያውቀው። አባት ይሞክራሉ፣ በኩታቸው ጠርገው ይሞክራሉ፣ አፈር ነው ብለው ታጥበው ይሞክራሉ። ታዲያ ቤተሰቡ መላ አያጣም። ብዙ ስልኮች ከአንድ በላይ ጣት ይመዘግባሉ፤ በጣት አሻራ የሚከፈት አይፎን ለምሳሌ እስከ አምስት ድረስ ይፈቅዳል፤ ባለቤቱ የራሱን ሌሎች ጣቶች እንዲጨምር ታስቦ ነው። እዚህ አንደኛው የአባት ነው፣ ቢሠራም ባይሠራም ለክብር። ሁለተኛው ዘወትር የሚከፍተው የልጅየው ነው። ሦስተኛው የእናት፣ ለቴሌብር። አራተኛው ሰፈር ውስጥ እንግሊዝኛ የምታነበው የጎረቤት ልጅ ጣት ነው። አምስተኛው ላይ ገና ስምምነት የለም፤ ትልቋ ልጅ ከባሕር ዳር ለቡሄ ስትመጣ ይወሰናል ተብሏል፤ ጸሐፊው ግን ደብተሩ ላይ ከወዲሁ የራሱን ስም ጽፏል።